መኪና ቤት አይደለም፤ ቧንቧውም የቤት ቧንቧ አይሆንም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄ ያንተ ሥራ ነው፣ አንብበው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ካምፐር የውሃ መስመር የተጻፈ ነው። ካምፐር ስል አልጋ፣ ማድቤትና ሻወር ተሠርቶለት ቤተሰብ ለሽርሽር የሚወጣበትን መኪና ማለቴ ነው። ጸሐፊው የዚህን መኪና አሮጌ ቧንቧ አውጥቶ እንደ አዲስ እንዴት መዘርጋት እንደሚቻል ያስረዳሉ።

ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ስጨርስ ግን ሐሳብ ገባኝ። ጽሑፉ በቅን ልብ፣ በሚጥም አማርኛ የተጻፈ ነው። አንባቢ ያምነዋል። አምኖም ይሠራበታል። ከምክሮቹ አብዛኞቹ ገንዘብ ያስከስራሉ። ሁለቱ ግን ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ሱሉልታ የምኖር የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እጄ የተፍታታው በመኖሪያ ቤትና በፎቅ ሥራ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሮጌ ኮስተራቸውን ግቢዬ ድረስ ይዘው መጡ። ከዓመታት በፊት ወንበሯን አስነቅለው ካምፐር አሠርተዋታል። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ታለቅሳለች፤ ከየት እንደምታለቅስ ግን የነገረኝ ሰው የለም» አሉኝ። የውሃ መስመሯን ከነሥሩ አውጥቼ እንደገና ዘረጋሁ። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። መልሴም ከዚያ ሥራ ላይ የተነሣ ነው።

የጸሐፊው መነሻ ሐሳብ አንድ ነው። መኪናው ትንሽ ቤት ነው፤ ስለዚህ ቤት እንደሚሠራው ይሠራ። ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ የተመዘዘ ነው። እኔም የማልስማማው ከሥሩ ነው። ቤት ባለበት ይቆማል። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ያዘነብላል፣ ዳገት ወጥቶ ቆላ ይወርዳል። ውሃውም አብሮ ይሄዳል።

በቧንቧው ልጀምር። ጸሐፊው ለቤት የምንዘረጋው ደረቅ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ፒፒአር፣ ይበቃል ይላሉ። ቤት ውስጥ 50 ዓመት የሚኖር ዕቃ መኪና ውስጥ ለምን አይኖርም ነው ክርክራቸው።

ፒፒአርን አልጠላውም። እንጀራዬ ነው። በ260 ዲግሪ ሙቀት ሁለቱ ጫፍ ለስልሶ ሲጋጠም አንድ አካል ይሆናል። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሲሚንቶ ከተደፈነበት ዘመን ይሻገራል። ግን ዘመን የሚሻገረው ግድግዳው ስለያዘው ነው። መኪና ውስጥ የሚይዘው ግድግዳ የለም። ቧንቧው ደረቅ ነው፣ አይለጠጥም። ኮረኮንች ላይ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሁሉ የሚያርፈው ኤልቦ በሚባለው የማጠፊያ መገጣጠሚያ ላይ ነው።

የኮስተሯን የማድቤት ቁም ሳጥን ነቅዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኤልቦው ደረቅ ነው። ምንም አይታይም። ረዳቴ ባትሪ አበራልኝ፣ አሁንም ምንም የለም። ቧንቧውን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ግን ፀጉር የምታክል መስመር ተከፈተች። አንዲት የውሃ ጠብታ ብቅ አለች፣ አበጠች፣ ወረደች። ጣቴን ሳነሣ መስመሯ ተመልሳ ተዘጋች። መኪናዋ ቆማ ስትፈተሽ ደህና የምትመስለው ለዚህ ነበር። ስትሄድ ትከፈታለች፣ ስትቆም ትዘጋለች። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሦስት ቦታ አገኘሁ። ሦስቱም ኤልቦ ላይ ናቸው። ከሥራቸው ያለው የወለል ጣውላ በስብሶ በጣት ይፈረፈር ነበር።

ሙቀትም አለ። አንድ ሜትር ፒፒአር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጠዋት 5 ዲግሪ የነበረ 4 ሜትር ቧንቧ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሲገባበት ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሁለቱም ጫፉ ከተቸነከረ ወዴት ይሂድ? ይቆለመማል፣ ወይም ኤልቦውን ይገፋል።

እኔ ያስገባሁት ፔክስ የሚባለውን 16 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። እንደ ጎማ ይታጠፋል፣ ግን ግፊት ይችላል። ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ መዞር ነበረብኝ፤ እሱን አልሸሽግም። ጥቅሙ መታጠፉ ብቻ አይደለም። ከፓምፑ አጠገብ አንድ ማከፋፈያ አስቀምጬ ለእያንዳንዱ ቧንቧ የራሱን መስመር ያለ መገጣጠሚያ ወሰድኩለት። አሮጌው ሥራ 23 መገጣጠሚያ ነበረው። አዲሱ 9 ነው። የሌለ መገጣጠሚያ አያፈስም። ቧንቧው ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት አደረግሁ፤ አለዚያ የላሜራው ጠርዝ እንደ መጋዝ ይበላዋል። በየ40 ሴንቲ ሜትሩም አሰርኩት፤ ግን አላነቅኩትም። ፔክስ ያጣ ሰው ክር የገባበት ወፍራም የውሃ ጎማና ጥሩ ክላምፕ ይጠቀም። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ መሆኑን ግን ይጠይቅ። ፒፒአር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚልም አጭር ቀጥታ መስመር ላይ ያድርገውና ሁለቱን ጫፍ በሚታጠፍ ፍሌክሲብል ጎማ ይጨርሰው።

ሁለተኛው ምክር ሮቶውን ፖርቶ መጋላው ላይ ማውጣት ነው። 200 ሊትር ጣሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ውሃው በራሱ ይወርዳል፣ ፓምፕም ባትሪም አያስፈልግም፣ ፀሐይም ታሞቀዋለች ይላሉ።

ውሃ አንድ ሜትር ከፍ ሲል የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ነው። ቤት ላይ ሮቶው ከሻወሩ በላይ 4 ወይም 5 ሜትር ስለሚወጣ ውሃው ይወርዳል። ኮስተር ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከሻወሩ ራስ በላይ ግማሽ ሜትር ቢበልጥ ነው። 0.05 ባር ማለት ነው። በዚህ ግፊት ሻወር አይወርድም፣ ይንጠባጠባል። ተራ የ12 ቮልት ፓምፕ ወደ 3 ባር ይሰጣል።

ከግፊቱ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። 200 ሊትር ሁለት ኩንታል ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ ጭኖ የሚሄድ ሞልቷል ትሉኝ ይሆናል። ጤፍ ግን አይናጥም። ይህን ጉዳይ ለኮስተሯ ባለቤት ሳነሣባቸው የሰጡኝን መልስ ከእኔ ማስረዳት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ነድቻለሁ። ከጭነት ሁሉ የምፈራው ግማሽ የሆነ ቦቴ ነው። ፍሬን ስትይዝ መኪናው ይቆማል፣ ውሃው ግን አይቆምም። ኩርባ ላይ ደግሞ አንተ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ።» የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሮቶው ከታች መሆን አለበት። እኔ 120 ሊትር የሚይዝ ሆኖ ውስጡ መከፋፈያ ያለው አድርጌ፣ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ሥር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አስቀመጥኩት። በብረት ፍሬም ታስሮ ፍሬሙ ከሻንሲው ጋር በብሎን ተይዟል። ፓምፑ የጎማ እግር አለው፤ መግቢያውና መውጫውም ግማሽ ግማሽ ሜትር ለስላሳ ጎማ ነው። እንዲህ ካልሆነ ድምፁ መላውን መኪና ያንቀጠቅጣል። ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ፣ ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ አይረሳ።

ስለ ሮቶው ራሱ ደግሞ ጸሐፊው ወጪ ለመቆጠብ ያገለገለ ሰማያዊ በርሜል ከምናለሽ ተራ ቢገዛ፣ በደንብ ቢታጠብና ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ቢዘጋ በቂ ነው ብለዋል። ምናለሽ ተራን አልነቅፍም። የኮስተሯ ፍሬም የተሠራበት ብረት የመጣው ከዚያው ነው። ነገር ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ማን ያውቃል? ዘይት ከሆነ ጥሩ። ኬሚካል ወይም የአበባ እርሻ መድኃኒት ከሆነስ? ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ወደ ውስጡ ይመጥጣል። ኋላም ቀስ እያለ ይለቃል። በሳሙና አይወጣም። ምግብ ይዞ እንደነበር በዓይናችሁ ያላያችሁትን በርሜል ለመጠጥ አትጠቀሙበት።

ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ መዝጋቱም ስሕተት ነው። ይህን ለመረዳት ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ሱሉልታ ላይ ባዶ የውሃ ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና መኪና ውስጥ ጣሉት። በጎሃ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ ድልድይ ውረዱ። ከታች ስትደርሱ ሃይላንዱ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። የነካው ሰው የለም። ከ1000 ሜትር በላይ ስለወረዳችሁ አየሩ ከውጭ ጨመቀው። የተዘጋ ሮቶም የሚገጥመው ይኸው ነው። ቆላ ሳትወርዱም ፓምፑ ውሃውን ሲስብ በቦታው አየር ካልገባ ሮቶው ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፣ ፓምፑም ያቃስታል። ስለዚህ ሮቶው መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ቀጭን ጎማ ከአናቱ ተነሥቶ ከሮቶው በላይ ይውጣ፣ ወደ ታች ይታጠፍና ጫፉ በወንፊት ይሸፈን። አቧራም ነፍሳትም አይገቡም።

የሮቶ ሽታን በተመለከተ ሽታው እስኪጠፋ በረኪና ጨምሩ ይላሉ። ልክ አለው እኮ። መያዣው ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ይበቃል። ለ120 ሊትር ሮቶ 120 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሮቶውን ሞልታችሁ በየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ አስኪዱት፣ አሳድሩት፣ ከዚያ አፍስሳችሁ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ከባዶቹ ሁለት ነጥቦች ልምጣ።

ጸሐፊው ውርጭ የፈረንጅ አገር ችግር ነው፣ እኛ አገር ቧንቧ አይፈነዳም ይላሉ። ቀጥለውም፣ የሚፈራ ሰው ካለ ውሃ በረዶ እንዳይሆን ለራዲያተር የሚገባውን አንቲፍሪዝ ሮቶው ውስጥ ትንሽ ጠብ ያድርግበት ብለዋል።

የመጀመሪያውን ቃል ሱሉልታ ላይ ያደረ ሰው አይቀበለውም። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳችን ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይከፋል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ገበሬው ስለ ባቄላው የሚጨነቀው በከንቱ አይደለም። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ይህን ውርጭ አያየውም። ከመኪና ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ያደረ ቀጭን ቧንቧ ግን ያየዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። የሚሰፋበት ቦታ ካጣ የያዘውን ይሰነጥቃል። የኮስተሯ አሮጌ ፓምፕ ራሱ ላይ የተሰነጠቀው እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ታኅሣሥ ላይ ግቢ አቁመዋት ውሃውን ሳያፈሱ ሰንብተው ነበር።

ሁለተኛው ቃል ግን ቧንቧ ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ይህን አንቀጽ እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የራዲያተር አንቲፍሪዝ አብዛኛው ኤትሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። ለዚህ ነው ሕፃናትን የሚያታልለው። ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላልም። «ጠብ ማድረግ» የሚባል ልክ የለውም። ሰው ጥርሱን የሚያጥብበት፣ ሻይ የሚያፈላበት ሮቶ ውስጥ አንዲት ጠብታም መግባት የለባትም። ገብቶ ከሆነ ያ ሮቶ ዳግመኛ ለመጠጥ አያገለግልም። የጠጣ ሰው ካለ ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ።

መፍትሔው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ከመስመሩ ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ማፍሰሻ መዝጊያ አስገቡ። መኪናው ሲቆም መዝጊያውን ክፈቱ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሥታችሁ ውስጡ የቀረውን አስወጡ። አምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ባዶ ቧንቧ ውርጭ አይፈራም።

ሌላው ስለ ውሃ ማሞቂያ የጻፉት ነው። የቤት የጋዝ ማሞቂያ ሻወሩ ውስጥ ይሰቀል፣ ሙቀት እንዳይወጣ መስኮቱ ይዘጋ ብለዋል። ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። በከሰል ጭስ ታፍኖ የሞተ ሰው ወሬ ያልሰማ ማን አለ? በብርድ ቀን ምድጃ ይዘው በር ዘግተው የተኙ፣ ጠዋት ያልተነሡ። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ጋዝም በቂ አየር ካላገኘ ያንኑ ያወጣል። እኛ ጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ሱሉልታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ማሞቂያው ለቆላ አየር ተስተካክሎ የተሠራ ከሆነ እዚህ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያበጃል። የኮስተር ሻወር ቤት ደግሞ ከቁም ሳጥን እምብዛም አይበልጥም። እዚያ ውስጥ መስኮት ዘግቶ ጋዝ ማንደድ ሰውን ከጭስ ጋር መቆለፍ ነው።

ጋዝ ማሞቂያ የግድ ከሆነ አየሩን ከውጭ የሚስብ፣ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ ለመኪና የተሠራ ይሁን። ካልተገኘ ይቅር። እኛ ተውነው። በምትኩ ውጭ ላይ ምድጃ ይጣዳል። እዚህ ውሃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 6 ሊትር የፈላ ከ10 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ስታቀላቅሉት 40 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 16 ሊትር ደግሞ ለሁለት ሰው ገላ ይበቃል። ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ የፈላውን በላዩ አፍስሱ። የኮስተሯ እመቤት፣ እትዬ ራሳቸው፣ «ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ» ነው ያሉት።

ስለ ፍሳሹ የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የላቫንዲኖውና የሻወሩ ውሃ በወለሉ ቀዳዳ ወደ መሬት ይውረድ፣ ሜዳው ሰፊ ነው ይላሉ። ለሽርሽር የጠቆሟቸውን ቦታዎች ስመለከት ግን የገፈርሳና የለገዳዲ ዳርቻ ይገኙበታል።

ለገዳዲ ከ50 ዓመት በላይ አዲስ አበባን ያጠጣ ውሃ ነው። ገፈርሳ ደግሞ ከእሱም ይቀድማል። ኮተቤ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ በፈረቃ የሚጠበቀው ውሃ እኮ ከእነዚህና ከድሬ፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። የድስት ቅባትና የልብስ ሳሙና እዚያ ዳርቻ ላይ ማፍሰስ ማለት የራስን ጀሪካን ማቆሸሽ ነው። ሱሉልታም ቢሆን ያው ነው። እንጦጦ ተራራ ውሃን ለሁለት ይከፍላል። በደቡብ በኩል የወረደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። በእኛ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። የሜዳችንን ወንዝ ከብት ይጠጣዋል፣ ልጆች ይቀዱታል። በዓለም ላይ እኛ ጋ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይም እዚያው ሣሩ ላይ ይውላል። «ሜዳው ሰፊ ነው» የሚባለው ሜዳ ባለቤት አለው። ገበሬው ዝም ያለው እንግዳ ስለሚያከብር ነው።

ስለዚህ ፍሳሹም ሮቶ ይኑረው። ከኮስተሯ ሆድ ሥር 70 ሊትር የሚይዝ ሁለተኛ ሮቶ አስሬ፣ ወፍራም መዝጊያ አደረግሁለት። ቱቦው 40 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ቁልቁል ይሄዳል። ቆሻሻው ውሃ ቤት ተመልሶ ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ይገለበጣል። መጸዳጃውም እንዲሁ ነው፤ ተነቅሎ የሚወጣ 20 ሊትር ያህል የሚይዝ ሳጥን አለው፣ ቤት ሲደርስ ሽንት ቤት ይደፋል። መንገድ ላይ ከሞላ ሴፕቲክ ያለው ሆቴል አስፈቅዶ፣ ከፍሎም ቢሆን ማፍሰስ ይቻላል።

ከላቫንዲኖው ሥር የሚገባው ጎባጣ ቱቦ፣ ሲፎን፣ አያስፈልግም ያሉትም ልክ አይደለም። ሲፎን ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሽታ የሚመልስ በር ነው። መኪና ላይ ችግሩ ያ ውሃ በመንገድ ላይ ተንጦ ይወጣል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ውስጡ የጎማ ምላስ ያለው፣ ውሃ የማይፈልግ ሲፎን አለ፤ ያገኘ እሱን ያስገባ። ያላገኘ ጥልቅ ሲፎን ያድርግና ከመነሣቱ በፊት የላቫንዲኖውን ቀዳዳ በውታፍ ይዝጋ። ደርሶ ሲያቆም አንድ ኩባያ ውሃ ያፍስስበት። የፍሳሹ ሮቶም መተንፈሻ ይኑረው፤ አለዚያ የሚወርደው ውሃ ሲፎኑን መጥምጦ ያደርቀዋል።

በአንድ ነገር ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ መዝጊያ ይኑረው፣ መገጣጠሚያም እጅ በማይደርስበት ቦታ አይቀበር ብለዋል። ትክክል ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን ይዘለዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ማፍሰስን የሚመለከት ነው። የሚያፈስ መገጣጠሚያ በሲሊኮን ይደፈን፣ ፓምፑ ሌሊት አልፎ አልፎ በራሱ ቢነሣም ተፈጥሮው ነው፣ አትስጉ ይላሉ።

ፓምፑ በራሱ አይነሣም። የሚነሣው መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ነው። ቧንቧ የከፈተ ሰው ከሌለ ውሃ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፣ ወይም ወደ ሮቶው እየተመለሰ ነው። ኮስተሯ ውስጥ በየ20 ደቂቃው «ትርርር» ይል ነበር። እትዬ ለዚህ ብለው እዚያ ማደር ትተው ነበር። ሻወሩ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ስከፍት ሲሊኮን እንደ ሊጥ ተለጥፎበታል። በቢላ ልጬ ሳነሣው ከሥሩ ያለው ጥርስ ላይ አንድ ዙር ቴፍሎን ብቻ ነበር። ግፊት ያለበትን ውሃ ሲሊኮን አይዝም። ውሃው ከሥሩ ይሄድና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ምንጩን ማግኘት የባሰ ይከብዳል። መፍትሔው ፈትቶ፣ ጥርሱን ጠርጎ፣ ቴፍሎኑን በመጠምዘዣው አቅጣጫ በደንብ ደራርቦ እንደገና መግጠም ነው።

ሥራውን ስጨርስ ውሃ ከመሙላቴ በፊት መኪናዋን ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ወሰድኳት። ሮቶውንና ፓምፑን ለያይቼ መስመሩን በ2 ባር አየር ሞላንና መዝጊያውን ዘጋነው። ረዳቴ ሳሙና የተነከረ ብሩሽ ይዞ 9ኙንም መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ቀባ። ሰባተኛው ላይ አረፋ ተነፋ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ነበረች። ፈትተን መልሰን ገጠምነው፣ እንደገና ሞላነው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የግፊት መለኪያው ቀስት ከቦታው አልተነቃነቀም።

ጥቅምት ላይ ጋሼና እትዬ ደብረ ሊባኖስ ሄደው አደሩ። ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬን ጥዬ ነበር» አሉኝ። «አንድ ጊዜም አልተነሣ።»